እትዬ ይመኙሻል ያወቋት ከተማ

ተስፋሚካኤል ደብረ ብርሃን ከገባ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያውቃት ደብረ ብርሃን ግን ከተከራየባት ክፍል ተነስታ፣ አንድ ቁርስ ቤት አጠገብ አልፋ፣ ደጋ ሰገነት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምታልቅ አንዲት መንገድ ነበረች። ከመንገዷ ግራና ቀኝ ምን እንዳለ የጠየቀው ሰው ካለ፣ "ብርዱ መች ያስወጣል" ብሎ ይመልሳል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ቤቱ አስቀምጦ ብርድ ልብሱን የሚያስቆጥር ብርድ ነው። ችግሩ፣ ሥራ ሲጠይቅ በማመልከቻው ላይ "ከተማዋን ጠንቅቄ አውቃለሁ" ብሎ መጻፉ ነው። ያኔ ከአንኮበር ከመጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር።

ያች ዓረፍተ ነገር አራት ዓመት ፋይል ውስጥ ተኝታ ቆይታ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተነሳችበት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርአ ዳዊት ቢሯቸው አስጠሩት። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ክራባታቸውን እስከ ጉሮሯቸው የሚያጠብቁ፣ የሠራተኛን ጥፍርና የጫማ ሶል የሚመረምሩ ሰው ናቸው። በሆቴሉ ውስጥ ሠራተኛ ጋቢ ደርቦ እንዳይታይ የከለከሉት እሳቸው ናቸው። "እኛ የያዝነው ዘመናዊ ሥራ ነው" የምትለዋን ቃል እንደ ጸሎት ይደጋግሟታል።

"ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ቅዳሜ ይመጣሉ" አሉት።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላሉ፣ ከሄዱም በኋላ የሆቴሉ ሰው ሳምንት ሙሉ በሹክሹክታ ያወራል።

"ውጭ አገር ደርሰው መጥተዋል" ሲሉ ቀጠሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። "እዚያ ያረፉበት ሆቴል እንግዳውን የአገሬው ሰው ብቻ የሚያውቃቸው ስውር ቦታዎች እየወሰደ ያሳያል አሉ። እኛም ይኑረን ብለዋል። ቅዳሜ ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው፤ ራሳቸውም ዞረው ያያሉ።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለ ተስፋሚካኤል።

"ጥሩ ነው። ደግሞም ከተማዋን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አለን።" ፋይሉን ገልጠው ወደሱ ገፉት። የገዛ እጅ ጽሑፉ ነበር።

ተስፋሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። "እርስዎስ የዚሁ የደብረ ብርሃን ሰው አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ሥራ አለብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ስብሰባ ነኝ።"

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ዘርአ ዳዊት ስብሰባ መሆናቸውን ሆቴሉ ሁሉ ያውቃል። ከማን ጋር እንደሚሰበሰቡ ግን የጠየቀ ሰው የለም፤ እሳቸውን የሚጠይቅ ደፋር አልተቀጠረም።

ያን ዕለት ከሰዓት ፍለጋው ተጀመረ። ተስፋሚካኤል መጀመሪያ ስልኩን ጠየቀ። ስልኩ አስቦ አስቦ በአካባቢው አለ የተባለ ድንቅ ሥፍራ ብሎ ያመለከተው ራሱ የቆመበትን ደጋ ሰገነት ሆቴልን ነበር። ቀጥሎ ባጃጅ ያዘ። የባጃጅ ሾፌር የማያውቀው ቀዳዳ የለም ሲባል ሰምቷል።

"ወንድሜ፣ ሰው የማያውቀው ቦታ ታውቃለህ?"

ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። "ምን አድርገህ ነው?"

"ምንም አላደረግኩም።"

"ምንም ያላደረገ ሰው ለምን ይደበቃል?"

"ለራሴ አይደለም፤ ለእንግዶች ነው።"

"ብዙ ናችሁ?" አለ ሾፌሩ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። ባጃጁ ሁለት ጊዜ ታጠፈና ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አወረደው፤ ሒሳብም አልተቀበለው።

በእግሩ ሄደ። ማስታወሻ ደብተርና ብዕር ይዞ ወደ አንዱ ቅያስ ገባ። ገና ቀና ብሎ አጥሩን ሲያይ አንዲት ሴት በቆርቆሮው በር አንገቷን አውጥታ፣ "ካርታ አለን፤ የግብሩም ደረሰኝ አለ" አለችው። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ወንበራቸውን ይዘው ተነሱ። "ስንት ሜትር ነው የምትወስዱት?" አሉት በተሰበረ ድምፅ። መንገድ ሊያሰፋ የመጣ መስሏቸው ነው። ተስፋሚካኤል ምንም እንደማይወስድ ሲነግራቸው፣ "ያለፈውም እንዲሁ ነበር ያለን" ብለው ገብተው ዘጉ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት እግሩን እየጎተተ ቤቱ ገባ። ቤቱ ውስጥ እንግዳ አለችው፤ ይልቁንም አሉት። እትዬ ይመኙሻል የአባቱ ታላቅ እህት፣ አንኮበር ደብር ያገለግሉ የነበሩ የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩ፣ አሁን ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከእሑድ ጀምሮ እሱ ዘንድ ናቸው። የቀሯቸውን ስድስት ጥርሶች አስነቅለው ሰው ሠራሽ ጥርስ እስኪሠራላቸው አሥር ቀን ይጠብቁ ተብለዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ኋላ ሆነው ነው የሚናገሩት። ተስፋሚካኤል በየጠዋቱ ዳቦ በወተት አርሶ ያስቀምጥላቸዋል፤ ማታ ሲመለስ ዳቦውም ወተቱም እንዳለ ያገኘዋል። በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው ብሎ ፈርቷል።

"ዛሬም አልበሉም እትዬ?"

"በልቻለሁ" አሉ። "ጠግቤ ነው የገባሁት።"

"የት በሉ?"

"በሰለች ቤት።"

"በሰለች ማን ናት?"

"ያች ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያለችው ናታ።"

"የቱ ወፍጮ ቤት?"

እትዬ ይመኙሻል እንደ በሽተኛ አዩት። "አራት ዓመት የት ከርመህ ነው፣ አንተ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ የማይጠይቅ ምግብ ፍለጋ ወጥተው፣ ሥላሴ ደጅ የምትሳለም ሴት አግኝተው፣ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ የለሚ ሰው ሆና ተገኘች። ከለሚ ወደ አንድ የክርስትና አባት፣ ከክርስትና አባቱ ወደ እትዬ ይመኙሻል ባል ወንድም ተሻገሩና አንድ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘመድ ሆኑ። ሴትየዋ እጃቸውን ይዛ በሰለች ቤት አደረሰቻቸው። በሰለች የገብስ በሶ በማርና በቅቤ አሽታ የምታቀርብ፣ ምልክት የሌለው፣ ስም የሌለው፣ ሦስት አግዳሚ ብቻ ያለው ቤት አላት። እዚያ የሚመጣው ጥርስ የሌለው ሁሉ ነው፤ ጥርስ ያለውም ለጣዕሙ ብሎ ጥርሱን ትቶ ይመጣል።

ተስፋሚካኤል ደብተሩን አወጣ። "አድራሻውን ይንገሩኝ።"

"ቀጥ ብለህ ሂድና ቀይ ላም የታሰረችበትን በር ይዘህ ግባ።"

ረቡዕ በምሳ ሰዓት እንደተባለው ሄደ። ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ላም የለችም። ብዙ ከዞረ በኋላ ሌላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ቀይ ላም ድንኳን አጠገብ ታስራ አየ። እየተደሰተ ገባ። የገባው ለቅሶ ቤት ነበር። ገና እግሩ ከመርገጡ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ደከምክ" እያሉ ከፊት አስቀመጡት። መነሳት ነውር ሆነበት። ሟች ሴት ይሁኑ ወንድ ሳያውቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሲወጣ አንድ ትልቅ ሰው ትከሻውን ይዘው፣ "እሳቸውም ይወዱህ ነበር" አሉት። ተስፋሚካኤል አመሰገነ።

ሐሙስ ፈቃድ ወሰደና ከአክስቱ ጋር ወጣ።

"አንተ ቦታ ነው የምትፈልገው" አሉት እየሄዱ። "ባዶ ቦታ ምን ያደርግልሃል? ሰው ፈልግ። ደግሞ ያን ደብተር ኪስህ ክተት። ደብተር የያዘ ሰው ለማንም ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።"

በሰለች ቤት ገቡ። ወፍጮ ቤቱ ተስፋሚካኤል አራት ዓመት ሙሉ በፊት ለፊቱ ያለፈበት ነው፤ ኋላ እንዳለው ግን አስቦት አያውቅም። ከዚያ ባለ ስድስት ፎቁን አዲስ መስታወት ሕንፃ በጎን አልፈው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ገቡና አንድ ግድግዳ ሥር ወጡ። የዳቦ ቤት የጀርባ ግድግዳ ነው። ምድጃው ከዚያ ወዲያ ስለሆነ ግድግዳው ሌት ተቀን ትኩስ ነው። ዘጠኝ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጀርባቸውን ለጥፈው እንደ ድመት ዓይናቸውን ጨፍነው ተደርድረዋል።

ሥርዓት አለው። መሃሉ፣ ምድጃው ትክክል ያለበት፣ የሰፈሩ አንጋፋ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ዳር እንደ ዕድሜ ይወረዳል። አዲስ ሰው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እትዬ ይመኙሻል ትናንት ብቻ የመጡ ሲሆኑ ከመሃሉ ሁለተኛ ተሰጥቷቸዋል፤ የቄስ ሚስት ከመሆናቸውም በላይ የአንጋፋውን እናት በስም አውቀው ተገኝተዋል።

ተስፋሚካኤል ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫፉም ቢሆን ይሞቃል። ደብረ ብርሃን ከመጣ ጀርባው እንዲህ ሞቆት አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ወረደ፤ አንገቱ ተፈታ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እናቱ ትዝ አለችውና እንባው ሊመጣ ሲል አጠገቡ ያሉት አዛውንት በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። "መጀመሪያ ቀን ሁሉንም እንዲህ ያደርገዋል" አሉት።

ስለ ባና ረጋጮቹ የሰሙት እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። አንዱ ሽማግሌ የደረቡት የበግ ጠጉር ባና አዲስና ጥብቅ ያለ ነበርና እትዬ ይመኙሻል በጣታቸው ዳስሰው፣ "ይህን የሠራ እጅ ዛሬም አለ?" ብለው ጠየቁ። አለ ተባሉ። ወደ በሬሳ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ።

እዚያ አቶ ገብረጻድቅን አገኟቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው በእንጨት ዕቃቸው ላይ የበግ ጠጉር ባና ይሸምናሉ። እንግዳ ሲያዩ ደስ የሚላቸው ሰው ናቸው። በግቢው መሃል ከአንድ ግንድ የተጠረበ ትልቅ ገንዳ ነበር። ተስፋሚካኤል ምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

"ባናው ከዚህ ሲወርድ ልል ነው፤ ነፋስ ያሳልፋል" አሉ። "በሞቀ ውኃ አራት ሆነን እንረግጠዋለን፤ ያኔ ይጠብቃል። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ኑ፤ ታያላችሁ። ሁለት ጎረቤቶቼ አሉ፤ አራተኛው ልጄ ነው። ልጄ ትልቅ ሥራ ላይ ነው ያለው፤ ቅዳሜን ግን ለማንም አይሰጥም።"

ተስፋሚካኤል በልቡ ዝርዝሩን ጨረሰ። ሦስት ቦታ አገኘ። ያን ሌሊት ደህና ተኛ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም መጡ። ነጭ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጫማቸው እንደ ወስፌ የቀጠነ ተረከዝ አለው። አቶ ዘርአ ዳዊት በር ላይ ተቀብለው፣ ክፍሎቹን አስጎብኝተው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል እጅ ነሱ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከባለድርሻ አካላት ጋር የማይቀር ስብሰባ አለብኝ። ተስፋሚካኤል ከተማዋን ጠንቅቆ ያውቃል፤ እሱ ያዞርዎታል።"

እሱም አዞራቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያዞሯቸው እትዬ ይመኙሻል ናቸው። ያለ እሳቸው በር የሚከፍትለት እንደሌለ ተስፋሚካኤል ተምሯል።

በሰለች ቤት የወይዘሮዋ ተረከዝ የአፈሩ ወለል ውስጥ ሰጠመ። ነቅለው ተቀመጡ። በሰለች የበሶውን ገበቴ አቅርባ ፊታቸውን ትክ ብላ አየችና፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አለቻቸው።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያምን ሰው ይህን ከጠየቃቸው ስንት ዓመት ሆኖታል መሰላችሁ። ሰው የሚጠይቃቸው መቼ እንደሚከፍሉ፣ መቼ እንደሚፈርሙ ነው። "አያቴ የጣርማ በር ሰው ነበሩ" አሉ። "በግ ያረቡ ነበር።" ይህን ሆቴሉ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ በሶውን በእጃቸው እየቆረሱ፣ ቅቤው በጣታቸው እየወረደ፣ ስለ አያታቸው የበግ ውሻ አወሩ። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ግድግዳው ሥር ጫፉ ተሰጣቸው። መሃሉን በዓይናቸው ቢያዩም አንጋፋው ዓይናቸውን አልገለጡም። ተስፋሚካኤል ሰዓቱን እያየ "እንሂድ?" ሲላቸው፣ "ትንሽ እንቆይ" አሉ። እንደገና ሲጠይቃቸው እንደገና እንዲሁ አሉ። በሦስተኛው እትዬ ይመኙሻል እጃቸውን ይዘው አስነሷቸው።

ወደ በሬሳው ግቢ ሲቃረቡ ዘፈን ተሰማቸው። የሸካራ ድምፅ ጉባኤ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ያማረ ወፍራም ድምፅ ይመራዋል።

"ርገጠው ርገጠው ጠበቅ እስኪል ድረስ፣
ሐምሌ በብርዱ ከቤት እንዳይደርስ።"

በሩን ገፍተው ገቡ። ገንዳው እንፋሎቱ ይነሳል። አራት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ ሱሪያቸውን ከጉልበት በላይ ጠቅልለው፣ ቡናማ አረፋ ውስጥ እንደ ጦር ሰልፍ ይረግጣሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ናቸው። አራተኛው፣ ባለ ወፍራም ድምፁ፣ ክራባቱን ወደ ኋላ ትከሻው ላይ የወረወረው፣ አቶ ዘርአ ዳዊት ነበሩ።

ዘፈኑን በቃሉ መሃል ቆረጡት። እግራቸው ግን አልቆመም፤ ሊቆምም አይችልም። አንዱ ከቆመ አራቱም ይወድቃሉ።

"አቶ ዘርአ ዳዊት?" አሉ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም።

"አቤት" አሉ እየረገጡ።

"ስብሰባ አለብኝ ብለውኝ አልነበረም?"

"ነው። ስብሰባ ነው።" ጭቅ፣ ጭቅ ይላል ከሥር።

"ከባለድርሻ አካላት ጋር።"

"አዎን።"

ወይዘሮዋ ሦስቱን ሽማግሌዎች በየተራ አዩ። "እነዚህ ናቸው?"

"ባለድርሻ ምን ማለት ነው?" አለ በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤት።

"ድርሻ ያለው ማለት ነው" አሉ አቶ ገብረጻድቅ። "ልክ ነው የኔ እመቤት። እኔ የዚህ ባና ግማሽ ድርሻ አለኝ፤ እነዚህ ደግሞ ሩብ ሩብ። ልጄ በነጻ ነው የሚረግጠው።"

"ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም።

"የዘርአ አባት ነኝ። ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ። ዘርአ፣ አትቁም፤ ውኃው ይበርዳል።"

ወይዘሮዋ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "አባታቸው አሊዩ አምባ ላይ የታወቁ ነጋዴ እንደሆኑ ነበር የሰማሁት።"

ጭቅ ጭቁ ዘገየ። አቶ ገብረጻድቅ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። አቶ ዘርአ ዳዊት አረፋውን ያያሉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ተስፋሚካኤል አራት ዓመት ሙሉ እኚህን ሰው አንድ ቀን ጉድ ሲሆኑ ባየሁ እያለ ሲመኝ ኖሯል። የተመኘው ቀን ፊቱ ቆሞ ሳለ ግን ማየት አቃተውና ባሕር ዛፎቹን መቁጠር ጀመረ። ሸማኔ በዚያ አገር ለብዙ ዘመን በክፉ ስም ሲጠራ የኖረ መሆኑን የአንኮበር ልጅ ሆኖ ያውቃል፤ ልጆቹም በትምህርት ቤት ምን እየተባሉ እንዳደጉ አይቷል።

ያን ጊዜ እትዬ ይመኙሻል ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

"እኔም እኮ የት ነው የማውቃቸው ስል ነበር" አሉ። "አሊዩ አምባ ገበያ ነዋ። ከአንኮበር ቁልቁል ስንወርድ እሳቸው ባና በአህያ ጭነው ይመጡ ነበር። ሟች ባለቤቴ ከሳቸው ነው የገዛው። ያኔ በአሊዩ አምባ ከሳቸው የታወቀ ማን ነበረ?"

አቶ ገብረጻድቅ ጥቂት አሰቡ። "አሊዩ አምባ የወረድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው" አሉ በቅንነት።

"ሁለት ጊዜ የወረደ ሰው አይረሳም" አሉ እትዬ ይመኙሻል።

"ባናዬን ግን ይወዱት ነበር፤ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም።"

"እንግዲያ ነጋዴ ናቸው" አሉና እትዬ ይመኙሻል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ሞኝ አይደሉም። የአሮጊቷን ድድ፣ የሥራ አስኪያጃቸውን ጆሮ፣ የአባትየውን ኩሩ ፊት አይተው የሚሉትን ነገር ዋጡት። "የኔ አያት በጎች ጠጉራቸው ወዴት ይሄድ እንደነበር ዛሬ ገባኝ" ብቻ አሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። ግቢው እንደሚያምር፣ ይህን የመሰለ ነገር ውጭ አገር እንዳላዩ፣ በየቅዳሜው ሃያ ሃያ እንግዳ ሊልኩ እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

"ገንዳው የሚይዘው አራት ነው" አሉ አቶ ገብረጻድቅ።

"ግድ የለም፤ ቆመው ያያሉ።"

"ቆሞ ማየት የለም። ቆሞ የሚያይ ሰው እሱን ብርድ ይይዘዋል፣ እኛን ደግሞ እፍረት። የመጣ ይረግጣል።"

ወይዘሮዋ ገንዳውን አዩ። የቀጠኑ ጫማዎቻቸውን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አወለቋቸውና ለተስፋሚካኤል ያዝልኝ ብለው ሰጡት። በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤት ደስ ብሎት ወጣ፤ ወገቡ አልቆበት ነበር። ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና የሥራ አስኪያጃቸውን ክንድ ያዙ።

"ይቅርታ" አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። ለየቱ እንደሆነ አልታወቀም።

"ይዝፈኑ" አሏቸው ወይዘሮዋ።

ዘፈኑ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ነገሩ አማረ። ቀጥሎ ወይዘሮዋ ደፈሩና እግራቸውን ከሚገባው በላይ አነሱት፤ የቆሙበትም እግር ከድቷቸው ሄደ። ክንድ ለክንድ የተቆላለፈ ሰው ብቻውን አይወድቅም። ወይዘሮዋ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ አባትየውና የቀረው ጎረቤት እንደ አንድ ሰው ገንዳው ውስጥ ቁጭ አሉ። ውኃው ተነስቶ እትዬ ይመኙሻልን አጠመቃቸው።

አቶ ገብረጻድቅ አረፋውን ከጺማቸው ጠረጉ።

"ተቀመጡበት አላልኩም" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ዘርአ ዳዊት ናቸው። ተስፋሚካኤል የሥራ አስኪያጁን ጥርስ እስከ መንጋጋው ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የሁሉም ሳቅ ተቀጣጠለ፤ እትዬ ይመኙሻል ድዳቸው ቢታይም ግድ አልሰጣቸውም።

ሲመሽ ሁሉም በአቶ ገብረጻድቅ ባናዎች ተጠቅልለው ተመለሱ። ሁለቱ ሴቶች አያትና በግ እያወሩ ከፊት ይሄዳሉ። አቶ ዘርአ ዳዊት ከተስፋሚካኤል ጋር ወደ ኋላ ቀሩ።

"አባቴ ሆቴሉን አይቶት አያውቅም" አሉ ድንገት። "ስድስት ዓመት ሙሉ። ከዚህ እስከዚያ እንኳ ሃያ ደቂቃ አይሆንም።"

"ለምን አላዩትም?"

"አልጠራሁትማ።" ጥቂት ሄዱ። "እሱ ደግሞ ሥራ ይበዛበታል ብሎ ለሰው ሁሉ ይነግርልኛል።"

ተስፋሚካኤል የወይዘሮዋን ጫማ አሁንም በእጁ ይዞ ነበር።

ዝርዝሩ ሰኞ ዕለት ጸደቀ። አድራሻ የለበትም፤ ሦስት የሰው ስም ብቻ ነው ያለበት፤ ከሥሩም እንግዶች በአንድ ጊዜ ከአራት እንዳይበልጡና ደብተር ይዘው እንዳይሄዱ የሚል ማሳሰቢያ ተጽፏል። ወይዘሮ ፍቅርተማርያም "የማን ልጅ እንደሆናችሁ አስባችሁ ሂዱ" የምትል አንዲት መስመር በእጃቸው ጨምረውበት ፈረሙ።

በተከታዩ እሑድ አቶ ገብረጻድቅ ከቅዳሴ መልስ ሆቴሉ መጡ። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ከላይ ባናቸውን ደርበው ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት በር ድረስ ወጥተው፣ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ብለው፣ ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ከእንግዳ መቀበያው ጀምረው ለአስተናጋጁም፣ ለወጥ ቤቷም፣ ለልብስ አጣቢዋም፣ ለጥበቃውም በየተራ "አባቴ ናቸው" እያሉ አስተዋወቁ። ተስፋሚካኤልን ሁለት ጊዜ አስተዋወቁት፤ ከመደናገጣቸው የተነሳ መሆን አለበት። እሱም ሁለቱንም ጊዜ ተነስቶ እጅ ነሳ።

ሽማግሌው ሁሉንም በትዕግሥት አዩ። አሳንሰሩን ወጡበት፣ ወረዱበት። በመጨረሻ አራተኛ ፎቅ ላይ ዋናው የሚባለው ክፍል ተከፈተላቸው። መስኮቱን አላዩም፤ ቴሌቪዥኑንም አላዩም። በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደው የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው መሃል አድርገው አሹት፣ ወደ ብርሃኑም አንስተው አዩት።

"ይሄ አልተረገጠም" አሉ።

"አልተረገጠም፣ አባባ" አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት።

"ሰውማ እንዴት ተኝቶበት ይነጋለታል?" ሽማግሌው አዝነው መልሰው አነጠፉት፤ እጥፋቱን በመዳፋቸው ቀጥ አደረጉ። ከዚያ ምሳ ተዘጋጅቷል ተባሉና ልጃቸውን ተከትለው ወረዱ።